ማሩን ከእጅ ሻንጣ ያውጡት

«ለዓምዱ አዘጋጅ፤ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 61 ዓመት ነው። ተወልጄ ያደግሁትም፣ ልጆቼን ያሳደግሁትም እዚሁ ጎንደር ነው። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖረው ሴት ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ጥቂት ሳምንታት ቀርተዋታል። ቪዛ ስለተፈቀደልኝ ከአዘዞ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ዋሽንግተን በአንድ ትኬት ልሄድ ነው። ለአራሷ የገንፎ ዱቄት፣ በሶ፣ የተነጠረ ቅቤ፣ ማር፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቋንጣና ጠበል አሰናድቻለሁ። ለልጅ ልጄ የሟች ባለቤቴን የብራና ዳዊት መስጠት እፈልጋለሁ። ለራሴም የምወጋው የስኳር መድኃኒት፣ በመንገድ የምሰፋው ሌማትና ስንቅ አለኝ። ጎረቤቶቼ ግን ግራ አጋቡኝ። አንዷ ‹ሻንጣ ይጠፋል፤ ማርና ቅቤውን ከእጅሽ እንዳትለዪ› ትለኛለች። ሌላዋ ‹ቋንጣውን ዳቦ ቆሎው ውስጥ ቅበሪው፤ ማን ያየዋል› ትላለች። ልጄ በበኩሏ በስልክ ‹እማዬ፣ እዚህ የሌለ ነገር የለም፤ ምንም እንዳትይዢ› ብላኛለች። እንዲያው ባዶ እጄን አራስ ቤት ልግባ? — የልጅ ልጅ ናፋቂ፣ ከጎንደር»

የተከበሩ እናታችን፤

በቅድሚያ ልጅዎን ማርያም በሽልም ታውጣት። ባዶ እጅዎን አይሄዱም። ነገር ግን ካሰናዱት ውስጥ ጥቂቱ ቤት መቅረት፣ አብዛኛው ደግሞ ካሰቡለት ሻንጣ ወደ ሌላው መዛወር ይኖርበታል።

የጎረቤቶችዎ ምክር ከክፋት የመነጨ አይደለም፤ ስሕተታቸው ፍተሻን ሁሉ እንደ አንድ ፍተሻ መቁጠራቸው ነው። ከአዘዞ እስከ ልጅዎ ቤት ድረስ ዕቃዎ የተለያየ ጥያቄ በሚጠይቁ ሰዎች እጅ ያልፋል። አዘዞ በሚገኘው በአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያም ሆነ በቦሌ የሚቆመው ፈታሽ የሚጠይቀው «ይህ ዕቃ አውሮፕላኑንና ተሳፋሪውን ይጎዳል ወይ?» ብሎ ነው። ዋሽንግተን ሲወርዱ የሚጠብቅዎ መርማሪ ግን አውሮፕላኑ በደኅና አርፎለታልና የእርሱ ጥያቄ «ይህ ምግብ በአገሬ ከብትና አዝመራ ላይ በሽታ ያመጣል ወይ?» የሚል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ፈታሽ በቋንጣዎ ላይ ምንም ቅሬታ የለውም፤ በእጅዎ የያዙትን ማር ግን ይጥልብዎታል። ሁለተኛው ማርዎን አይቶ ያሳልፍዎታል፤ ቋንጣዎን ግን አይለቅም። ጎረቤቶችዎ፣ አንዷ ማሩን ሌላዋ ቋንጣውን፣ በትክክል ከሚያዝበት ቦታ ላይ አስቀመጡልዎ።

ከማሩ ልጀምር፤ በማር እኔም ተቃጥያለሁና። ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴ በብርጭቆ ብልቃጥ ያሸገችልኝን ነጭ ማር በነጠላ ጠቅልዬ በእጅ ሻንጣዬ ይዤ ነበር። በአንድ አውሮፕላን ማረፊያ ፈታሿ ነጠላውን ፈትታ ብልቃጡን አወጣችው፣ ወደ መብራቱ አንስታም አዘነበለችው፤ ማሩ ረግቶ ስለነበር ንቅንቅ አላለም። «የረጋ ነው እኮ፤ አይፈስም» ብዬ ተከራከርኩ። ፈታሿ በትሕትና ራሷን ነቀነቀችና ብልቃጡን ከጎኗ ወዳለው ትልቅ ማጠራቀሚያ ጣለችው፤ ከሽቶና ከውኃ ጠርሙሶች ጋር ሲጋጭ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። ያን ጊዜ ያልገባኝ ነገር፣ በፍተሻ ቋንቋ «ፈሳሽ» ማለት የሚፈስ ብቻ ሳይሆን የሚቀባ፣ የሚላስና የሚዛቅ ለስላሳ ነገር ሁሉ መሆኑ ነው። ማር፣ ቅቤ፣ የለውዝ ቅቤ፣ አዋዜ፣ እርጎ፣ ወጥ፣ የፊት ቅባት፣ ሎሽን፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሁሉም በአንድ መዝገብ ይገባሉ።

የዚህ ሕግ መነሻ ሩቅ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የእንግሊዝ ፖሊስ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ በሚደበቅ ፈሳሽ ፈንጂ ከለንደን ወደ አሜሪካና ካናዳ የሚበሩ አውሮፕላኖችን ለማጋየት የተጠነሰሰ ሴራ አከሸፈ፤ ከዚያ ወዲህ በጥቂት ወራት ውስጥ በብዙ አገሮች ተሳፋሪ በእጁ የሚይዘው ፈሳሽ በመጠን ተወሰነ። ልኩም እያንዳንዱ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ መያዣ ሆኖ፣ መያዣዎቹ በሙሉ አንድ ሊትር በሚይዝ፣ ዚፕ ባለው፣ ውስጡ በሚታይ ላስቲክ ተጠቃልለው እንዲቀርቡ ነው። 100 ሚሊ ሊትር ስንት ነው ካሉኝ፣ አንድ ሲኒ ቡና ከሚይዘው ብዙም አይበልጥም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ የሚለካው መያዣው እንጂ በውስጡ የቀረው አይደለም። ከታች አንድ ጣት ያህል ሎሽን የቀረበት ትልቅ ጠርሙስ ባዶ ሊባል ምንም ባይቀረው እንኳን አያልፍም። በአንዳንድ አውሮፕላን ማረፊያዎች አዳዲስ መፈተሻ ማሽኖች በመተከላቸው ይህ ልክ መላላቱን ሰዎች ሲያወሩ ይሰሙ ይሆናል፤ ወሬው ሐሰት ባይሆንም እርስዎን አይጠቅምዎትም፤ በአንዱ በር የላላው በሌላው በር ጠብቆ ይቆይዎታልና ሁልጊዜ የሚታሰበው በጠባቡ በር ነው።

በዚህ አጋጣሚ ከጎንደር የሚነሳ መንገደኛን በተለይ የሚያታልል አንድ ነገር ላንሳ። አዘዞ ላይ የሚሳፈሩት ወደ አዲስ አበባ፣ ማለትም በአገር ውስጥ በረራ ነው፤ የመጨረሻው የአሜሪካ በረራ ፍተሻ የሚጠብቅዎ ግን ቦሌ ነው። ማሩ አዘዞ ላይ ምንም ሳይባሉ አለፈልዎት እንበል፤ ይህ ቦሌ ላይም ያልፋል ማለት አይደለም። ይባስ ብሎ ትኬትዎ አንድ እንደመሆኑ ትልልቆቹን ሻንጣዎች አዘዞ ላይ ሲያስረክቡ መዳረሻቸው ዋሽንግተን ተብሎ ሊለጠፍባቸው ስለሚችል፣ ቦሌ ላይ ማሩ ሲከለከል «እንግዲያው ሻንጣዬ ውስጥ ልክተተው» ማለት አይችሉም፤ ሻንጣው ከእጅዎ ወጥቷል። የማሩ ዕጣ የሚወሰነው እንግዲህ ከቤትዎ ሳይወጡ በዋዜማው ምሽት ነው። ሻንጣ ሲያስረክቡ የሚሰጥዎትን ትንሽ ወረቀት ሳይጥሉ ከፓስፖርትዎ ጋር ያስቀምጡ፤ ጎረቤትዎ የፈሩት መጥፋት ቢደርስ ሻንጣዎ የሚፈለገው በዚያች ወረቀት ቁጥር ነው።

ማሩን በብርጭቆ አያድርጉት። ክዳኑ በሚጠብቅ ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ ያድርጉትና አፉን በፕላስተር ዙሪያውን ያሽጉት፤ ከዚያ በሁለት ላስቲክ ደራርበው በልብስ መካከል ያስቀምጡት። ቅቤውን በተመለከተ ግን አሳቤን ሳልደብቅ ልንገርዎት፤ እኔ ብሆን እተወዋለሁ። የተነጠረ ቅቤ በሙቀት ይቀልጣል፣ የቀለጠ ቅቤ መንገድ አያጣም፣ ለሕፃኑ የተሠራውን ጋቢ አንዴ ከነካው ሽታው በምንም አይለቅም። እምቢ ካሉ ለሁለት ቀን በረዶ ቤት አስቀምጠው ድንጋይ ከሆነ በኋላ እንደ ማሩ ያሽጉት፤ ሲደርሱም ከምግቦቹ ጋር መያዝዎን ይናገሩ። በራስዎ ላይ የሚቀቡትን ለጋ ቅቤ ማንም አይመዝንብዎትም፤ እርሱን በልብዎ ተማምነው ይቀቡ።

በርበሬው፣ ሽሮው፣ በሶውና የገንፎው ዱቄት ፈሳሽ አይደሉምና ችግር የለባቸውም ብለው ይሆናል። የዱቄት ነገር ግን ከሰኔ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ራሱን የቻለ ደንብ አለው። ወደ አሜሪካ በሚገባ በረራ ላይ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተያዘ ለብቻው ወጥቶ ሊፈተሽ ይችላል፤ ፈታሹ ምንነቱን ማረጋገጥ ካልቻለ ደግሞ ወደ አውሮፕላኑ እንዲገባ አይፈቀድም። ይህ መጠን ከአንድ የለስላሳ ቆርቆሮ ጋር የሚቀራረብ ሲሆን እርስዎ የያዙት በርበሬ ብቻውን የዚህን ብዙ እጥፍ መሆኑ አይቀርም። ስለዚህ ዱቄት የተባለ ሁሉ በሚጫነው ሻንጣ ይሂድ። ወደ አሜሪካ በዝቅተኛው ማዕረግ የሚጓዝ ሰው የተለመደው ፈቃድ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ሲሆኑ፣ በእጅ የሚይዙት ግን 7 ኪሎ ብቻ ነው። ትኬትዎ ላይ የተጻፈውን አስነብበው ያረጋግጡ። ዱቄቶቹን በወፍራም ላስቲክ አሽገው፣ በእያንዳንዱ ላይ ምንነቱን በእንግሊዝኛ የሚገልጽ ወረቀት ይለጥፉ፤ ጽሑፉን ልጅዎ በስልክ ትላክልዎትና አንድ ተማሪ ይገልብጥልዎት። ቅዳሜ ገበያ በጋዜጣ የጠቀለሉልዎትን ቅመም እንዳለ አይክተቱት።

ምግብ ለምን ይህን ያህል ያስፈትሻል ብለው ቢገረሙ ምክንያቱ ከማሽኑ አሠራር ነው። የኤክስሬይ ማሽኑ ብረትን በሰማያዊ፣ ከእንስሳና ከዕፅዋት የተገኘን ነገር ደግሞ በብርቱካናማ ቀለም ለፈታሹ ያሳየዋል። ችግሩ ብዙዎቹ ፈንጂዎችም የሚታዩት በዚያው በብርቱካናማው ቀለም መሆኑ ነው። ስለዚህ እንደ ጡብ ተጠቅጥቆ የታሸገ ሁለት ኪሎ ሽሮ፣ ወይም በማር የተለወሰ ድቡልቡል ጭብጦ፣ በመስታወቱ ላይ አጠራጣሪ ጥቅጥቅ ያለ ነገር ሆኖ ይታያል። ፈታሹ ሻንጣዎን ቢያስከፍትዎ ሌባ አድርጎ ቆጥሮዎት አይደለም። እጅዎን ወይም ሻንጣዎን በትንሽ ጨርቅ ጠረግ አድርጎ ጨርቁን ወደ ማሽን ሊከትም ይችላል፤ የፈንጂ ብናኝ መኖር አለመኖሩን ማያ ነው። ግሊሰሪን ያለበት የእጅ ቅባት ይህን ማሽን አንዳንዴ ያሳስተዋልና በጉዞው ጠዋት እጅዎን በሳሙና ታጥበው ቢወጡ ይሻላል።

የመንገድ ስንቅዎ ከሁሉ የቀለለው ነው። አባቶቻችን በእግርና በበቅሎ ሲጓዙ የያዙት ስንቅ፣ ቆሎው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ድርቆሹ፣ ጭብጦው፣ ደረቅ ስለሆነ ፈሳሽ የሚያስጥለውን በር ያልፋል፤ ሥጋ ስለሌለበት ደግሞ የአሜሪካው መርማሪ አይቀማዎትም። የድፎ ዳቦ ቁራሽም እንደዚሁ ነው። በእጅ ሻንጣዎ ላይኛው ኪስ፣ በሚታይ ላስቲክ አድርገው ይያዙት፤ ሲጠየቁ ከሥር መቆፈር የለብዎትም። ወጥ የነካው ፍርፍር ግን አይያዙ። ሙዝና ብርቱካን ፍተሻውን ቢያልፉም ከመውረድዎ በፊት ተበልተው ማለቅ አለባቸው፤ ልጣጫቸውም እዚያው አውሮፕላኑ ውስጥ ይቅር። የውኃ መያዣዎን ባዶውን ይዘው ፍተሻውን ካለፉ በኋላ ያስሞሉት። ጉዞው በጾም ላይ የሚውል ከሆነ የጾም ምግብ እንዲዘጋጅልዎ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ለአየር መንገዱ ይነገርልዎ፤ አውሮፕላን ውስጥ ገብቶ መጠየቅ ዘግይቷል።

ስንቁን አጥብቄ የማነሳው ስኳር ያለብዎት በመሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ በኋላ ያለው በረራ ብቻ ከግማሽ ቀን ይበልጣል፤ መድኃኒቱን ወግተው ምግቡ ቢዘገይብዎ ስኳርዎ ሊወርድ ይችላል። ከረሜላ ወይም ስኳር በኪስዎ አይጥፋ። ኢንሱሊኑን በምንም ምክንያት ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንዳይከቱት፤ የጭነቱ ክፍል ሊቀዘቅዝ ይችላል፣ ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከነካው ደግሞ አይሠራም፤ ሻንጣው ቢዘገይም ያለ መድኃኒት ይቀራሉ። መድኃኒትና መርፌው በእጅ ሻንጣ ይፈቀዳሉ፤ የመድኃኒት ፈሳሽም በ100 ሚሊ ሊትሩ ልክ አይታሰርም፤ ለብቻው አውጥተው ለፈታሹ ማሳየት ብቻ ነው የሚጠበቅብዎት። መድኃኒቱ ከነካርቶኑ ይሁን፤ በፓስፖርትዎ ላይ ባለው ስም በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሐኪም ወረቀትም ያያይዙ። የሚወስዱት መጠን ከቆይታዎ በጥቂት ሳምንት ቢበልጥ አይጠላም።

ሌማቱን ስፉ ብልዎ ደስ ባለኝ፤ ወስፌው ግን አያልፍም። ወስፌ፣ መቀስና ቢላዋ በሚጫነው ሻንጣ ይሁኑ፤ ሻንጣውን የሚከፍት ሰው እጁን እንዳይወጋ ወስፌውን በቡሽ ወይም በጨርቅ ጫፉን ሸፍኑት። አክርማውና ስንደዶውም ሣር ነውና ሲደርሱ ከሚያስመዘግቡት ጋር ይቆጠር። የስልክ ባትሪ መሙያ፣ ፓወር ባንክ የሚሉት፣ የዚህ ተቃራኒ ነው። በእጅ ሻንጣ ብቻ ይያዛል፤ ቢጋይ ሰው አይቶ ያጠፋዋል፣ በጭነት ክፍል ግን ማን ይደርስለታል። የተለመደው 20,000 ሚሊአምፔር ያለው ከተፈቀደው ልክ በታች ስለሆነ አያስጨንቅም። የአንገት መስቀልዎ ማሽኑን ቢያስጮኽ አይደንግጡ፤ ፈታሿ በእጇ ትዳስስዎታለች፤ ሻሽዎን ማንሳት ካስፈለገም በሴት ፈታሽ፣ ከሰው በተሰወረ ክፍል እንዲሆንልዎ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ጠበሉ እንደ ማንኛውም ውኃ ነው የሚታየው፤ ፈታሽ ጠበልነቱን ቢያምን እንኳን ልኩን አይለውጥም። ትንሽ ብልቃጥ በእጅዎ፣ የቀረውን በሚጫነው ሻንጣ ያድርጉት። እምነት ይዘው ከሆነ፣ አመድ ከሆነው ይልቅ አፈርነት ያለው ያሳስበኛል፤ አሜሪካ አፈር ያለ ልዩ ፈቃድ አታስገባም። ዕጣን ይፈቀዳል፤ ከሰል ግን በራሱ ሊግል የሚችል ነገር ስለሆነ በእጅም በጭነትም አይያዝም፤ ዕጣኑን የምታጤሱበትን ልጅዎ ትፈልግ። እርጥብ ጤና አዳምና በሶብላም ይቅሩ። ቡና ቢይዙ፣ ጥሬም ሆነ የተቆላ፣ ዋሽንግተን ላይ አይከለከልም።

የብራና ዳዊቱ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ይከብዳል፤ እርሱ ላይ የሚነሳው ጥያቄ ሦስተኛ ዓይነት ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። መጽሐፉ ከባለቤትዎ በውርስ የተገኘ የግል ንብረት መሆኑ ይህን አያስቀረውም፤ ቦሌ ላይ የጉምሩክ ሰው ቢያገኘው ይያዛል፣ እርስዎም ለማስረዳት ሲንገላቱ በረራዎ ሊያመልጥዎ ይችላል። ጎንደር ስንት ብራና እንደወጣባት ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ በመቅደላ የተዘረፉት መጻሕፍት እኮ ብዙዎቹ አፄ ቴዎድሮስ ከዚችው ከተማ አብያተ ክርስቲያናት ያስወሰዷቸው ነበሩ። ዳዊቱ ቤትዎ ይቆይና ልጁ አድጎ መጥቶ ይረከበው። እስከዚያ ገጾቹን በስልክ አስነስተው ፎቶውን ይውሰዱለት።

አሁን ወደ ቋንጣው። ኢትዮጵያ የከብቶች የአፍና የእግር በሽታ ያለባት አገር ተብላ ስለምትቆጠር፣ የደረቀም ቢሆን ሥጋ ይዞ አሜሪካ መግባት አይፈቀድም፤ አቀዝቅዘው የሚወስዱት ዶሮ ወጥም በሌላ በሽታ ምክንያት እንደዚሁ ነው። «ማን ያየዋል» ላሉት ጎረቤትዎ መልሱ፣ ማንም አያየውም፤ ይሸተታል እንጂ። ሻንጣዎን ከሚረከቡበት ሥፍራ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ቁመቱ ከጉልበት የማያልፍ ውሻ ከአሳዳሪው ጋር በሻንጣዎች መካከል ይዞራል። አይጮኽም፣ አይናከስም፤ ምግብ ከሸተተው አጠገቡ ቁጭ ይላል። ሥራው ይኸው ነው። ዳቦ ቆሎ ውስጥ የተቀበረ ቋንጣ ለእርሱ ምኑም ስውር አይደለም።

ከቋንጣው መወሰድ የሚብሰው መደበቁ ነው። የያዙትን ምግብ ሁሉ ከተናገሩና ከመካከሉ የተከለከለ ከተገኘ፣ ዕቃው ብቻ ይወሰዳል እንጂ አይቀጡም። ሳይናገሩ ከተገኘ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋት የተለመደው ቅጣት 300 ዶላር ሲሆን እስከ 10,000 ዶላር የሚደርስበትም አለ። ስለዚህ «ምግብ ይዘዋል?» ተብለው ሲጠየቁ መልስዎ «አዎ» ይሁን፤ ዳቦ ቆሎም ምግብ ነው። በዘመድ ምክር «የለኝም» ብለው መልሰው ሻንጣቸው የተከፈተባቸው እናቶች ያፈሩትን ዕፍረት ከአንዳቸው አፍ ሰምቻለሁ፤ ከገንዘቡ ይልቅ «ዋሸሽ» መባሉ ነበር ያንገበገባቸው። ልጅዎ ዝርዝሩን በእንግሊዝኛ በአንድ ገጽ ትጻፍልዎት፤ «ቅመም፣ የገብስ ዱቄት፣ ማር፣ ቆሎ» ተብሎ ተራ በተራ የተጻፈውን ወረቀት ከፓስፖርትዎ ጋር መስጠት ነው። ቋንቋ አለማወቅዎ ያን ጊዜ አያሳጣዎትም።

ስለ ልጅዎ ቃል ደግሞ፤ ልብዎን መስበሩ ይገባኛል፤ ነገር ግን የተናገረችው እውነት ነው። ዋሽንግተንና አካባቢው ኢትዮጵያውያን በብዛት የሰፈሩበት በመሆኑ እንጀራውም፣ በርበሬውም፣ ቅቤውም በሱቅ ይሸጣል። እኔ እንደሚመስለኝ «ምንም እንዳትይዢ» ስትል የታያት እናቷ ብቻዋን፣ በማታውቀው ቋንቋ፣ ሻንጣዋ ተከፍቶ ስትጠየቅ ነው። እንግዲያው በዕቃው ብዛት ከመከራከር ይልቅ ሥጋቷን ያንሱላት። ከአዘዞ እስከ ዋሽንግተን ዊልቸር እንዲጠየቅልዎ ያድርጉ፤ ጉልበትዎ ደኅና ቢሆንም የሚገፋው ሠራተኛ ከሰልፍ ወደ ሰልፍ ያደርስዎታል። ከዚያ ሻንጣ ሲያሰናዱ በሱቅ የማይገኘውን ብቻ ይምረጡ፤ በእጅዎ ያመሱትን የዳባት ገብስ በሶ፣ በቤትዎ ያስፈጩትን በርበሬና አንድ ኪሎ ማር። ይህ አንዱን ሻንጣ እንኳን አይሞላም፤ የቀረው ለጋቢውና ለሕፃኑ ልብስ ይሁን።

ቋንጣው ደግሞ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ አይቅር። ቅበሪው ላሉዎት ጎረቤት ይስጧቸውና የሚሄዱ ዕለት ጠዋት ፍርፍር ሠርተው ይሸኙዎት።